ዐጧእ ኢብኑ አቢ ረባሕ እና ከጀነት ሰዎች የሆኑት ሴት

 

የዛሬውን ጽሑፍ በቅድሚያ የጻፍኩት ዛሬ መስጂድ ለማትደርሱት ነው። አዛኑን አልጋ ላይ ሆናችሁ ለምትሰሙ፣ ጉልበታችሁ አልታዘዝ ላላችሁ፣ የዓይናችሁ ብርሃን ለደከመባችሁ፣ ሰው መሃል ብወድቅስ ብላችሁ ከቤት መውጣት ላቆማችሁ። የመንዝና የግሼ ብርድ ለታመመ አጥንት ምን እንደሆነ፣ ከጀማ ሸለቆ ዳገቱን ወጥቶ ዓለም ከተማ መድረስ ለደካማ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

ሕጉን አስቀድሜ ልናገርና ልባችሁ ይረፍ። የታመመ ሰው ጁሙዓ ግዴታ የለበትም፤ ቤቱ ሆኖ ዙህርን ይሰግዳል። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ተጋድሞ ይሰግዳል። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳስተማሩን ደግሞ አንድ ባሪያ ሲታመም ጤነኛ እያለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ እንደሠራው ሆኖ ይጻፍለታል። እንግዲህ ለዓመታት ሶፍ ውስጥ ቆማችሁ የነበራችሁ ሰዎች ዛሬም ከሶፉ አልወጣችሁም።

ነገር ግን ብዙ ሕመምተኛ ስጠይቅ የሚያስጨንቃቸው ሕጉ እንዳልሆነ አያለሁ። የሚያስጨንቃቸው ሁለት ጥያቄ ነው። አንዱ ይህ ነገር የመጣብኝ በየትኛው ወንጀሌ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ከእንግዲህ እኔ ለማን፣ ለምን እጠቅማለሁ የሚል ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች በቃል ከመመለስ ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት ብነግራችሁ ይሻላል።

ሰውየው ታቢዒዩ ዐጧእ ኢብኑ አቢ ረባሕ (ረሒመሁላህ) ናቸው። የተወለዱት በየመን ጀነድ በምትባል ቦታ፣ በኸሊፋው ዑሥማን (ረ.ዐ.) ዘመን፣ ወደ 27 ዓመተ ሒጅራ ገደማ ነው። ያደጉት ግን መካ ነው። እናታቸው በረካ የሚባሉ ጥቁር ሴት ነበሩ። በአባታቸው በኩል ከኑባ እንደሚወለዱ ተጽፏል። ኢብኑል ጀውዚም ስለ ጥቁሮችና ስለ ሐበሾች ደረጃ ባዘጋጁት መጽሐፍ ውስጥ ስማቸውን አስፍረዋል። በማኅበራዊ ደረጃ የቁረይሽ ፊህር ጎሳ መውላ ነበሩ፤ ማለትም ከባርነት የመጡ፣ በሌላ ጎሳ ጥላ ሥር የሚኖሩ ሰው።

የታሪክ ጸሐፊዎች የዐጧእን መልክ ሲዘረዝሩ አይራሩም። ጥቁር ነበሩ፣ አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያለ ነበር፣ አንድ ዓይናቸው አያይም፣ አንድ እጃቸው አይሠራም፣ ያነክሱ ነበር፣ በመጨረሻም የቀረችው ዓይናቸው ጠፋች ይላሉ። (ጥቁረታቸውንና አፍንጫቸውን ከሕመማቸው ጋር ደባልቆ መቁጠር የዚያ ዘመን ሰው ዓይን ነው፤ እኛ ሐበሾች ምኑ ጉድለት እንደሆነ አይገባንም።) ስለ እጃቸው ሌላም ዘገባ አለ፤ በዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር ዘመን በነበረው ጦርነት ተቆርጣለች የሚል። ያም ሆነ ይህ ዘር የለም፣ ገንዘብ የለም፣ የሙሉ ሰው አካልም የለም። ሰው በሦስቱ በሚለካበት ከተማ ውስጥ ዐጧእ በአንዱም አይቆጠሩም ነበር።

እንጀራቸውን የጀመሩት ሕፃናትን ቁርኣን በማስቀራት ነው። ይህን አትለፉት። የመካ ትልቁ ሙፍቲ ከመሆናቸው በፊት ልክ እንደ እኛ ሰፈር የቁርኣን ቤት ኡስታዝ፣ ልጆች ፊደል ሲያሳስቱ የሚያርሙ ሰው ነበሩ። ከዚያ በተረፈ ጊዜያቸው የሶሓቦች ደረሳ ሆኑ። ከዓኢሻ፣ ከአቢ ሁረይራ፣ ከኢብኑ ዑመር፣ ከጃቢር ሰምተዋል፤ ከሁሉም በላይ ግን የኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ደረሳ ናቸው። ለ20 ዓመት ያህል የመስጂደል ሐራም ወለል ፍራሻቸው እንደነበረ ደረሳቸው ኢብኑ ጁረይጅ ተናግረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ቀን ኢብኑ ዐባስ ለዚህ ለሚያነክሰው፣ አንድ ዓይኑ ለጠፋው ደረሳቸው ከጀነት ሰዎች የሆነች ሴት ላሳይህ ወይ ብለው ጠየቁት። ዐጧእም አዎ አሉ። ኢብኑ ዐባስ ያሳዩዋቸው የባላባት ሚስት አይደለችም፤ በዒልሟ የታወቀች ሴትም አይደለችም። ያሳዩዋቸው ጥቁር ሴት ነበሩ። እንዲያውም በአንድ ዘገባ ሐበሻ እንደነበሩ ተጠቅሷል። በሽታቸውም የሚጥል በሽታ ነው።

የእኚህ ሴት ታሪክ እንዲህ ነበር። ወደ ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው በሽታው እንደሚጥላቸው፣ ሲጥላቸውም ገላቸው እንደሚገለጥ ነገሯቸውና ዱዓ እንዲያደርጉላቸው ጠየቁ። ረሱሉም (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለት ነገር አቀረቡላቸው፤ ከፈለጉ ይታገሡና ጀነት ይሆንላቸዋል፣ ከፈለጉም አላህ እንዲያድናቸው ዱዓ ይደረግላቸዋል። ሴትዮዋ ትዕግሥቱን መረጡ። ግን ዝም ብለው አልሄዱም። ገላዬ እንዳይገለጥ ብቻ ዱዓ ያድርጉልኝ አሉ። ረሱሉም (ሰ.ዐ.ወ.) ዱዓ አደረጉላቸው። ሐዲሡ ቡኻሪና ሙስሊም ውስጥ ይገኛል፤ የደረሰንም በዐጧእ በኩል ነው።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምታችሁታል፤ በችኮላ ስለሚነገር ግን ውስጡ ያለው ያልፈናል። በመጀመሪያ፣ ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) ይህ የመጣብሽ በወንጀልሽ ነው አላሏቸውም። ምን ሠርተሽ ነው ብለው አልጠየቁም። ዛሬ ግን የታመመ ሰው ቤት ገብተን ሳንቀመጥ ይህን ጥያቄ የምንወረውር ሰዎች ብዙ ነን። አላህ በሕመም ወንጀልን እንደሚያራግፍ ሐዲሥ አለ፤ ያ ግን ለታማሚው ማጽናኛ እንጂ ለጠያቂው መክሰሻ ተብሎ አልተሰጠም።

ሁለተኛ፣ መዳንን መጠየቅ ነውር አልሆነም። ረሱሉ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው እንደ አማራጭ አቅርበውታል። ሶብር ማለት አለመናገር፣ አለማልቀስ የሚመስለን ካለን ነቢዩላህ አዩብን እናስታውስ፤ ጉዳት እንደነካቸው ለጌታቸው ተናግረዋል፣ አላህም ታጋሽ ብሎ አመስግኗቸዋል። ነቢዩላህ የዕቁብም ለልጃቸው ከማዘናቸው የተነሣ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ከነቢይነት ደረጃ ግን አልወረዱም። ሌሊት አልጋችሁ ላይ የምታለቅሱ ሰዎች፣ እንባችሁ ኢማናችሁን አልቀነሰውም። ለማን እንደምታለቅሱ እወቁ እንጂ።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ነው። እኚህ ሴት በሽታውን ለመሸከም ወሰኑ፤ ውርደቱን ግን አልተሸከሙም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። መውደቁ አንድ ሕመም ነው፤ ነቅቶ ሰው ከቦት ሲያይ፣ ልብሱ ተዝረክርኮ ሲያገኘው የሚሰማው ሌላ ሕመም ነው። ሁለተኛው ከበሽታው ሳይሆን ከሰው ነው የሚመጣው። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ጥያቄ ትንሽ ነው አላሉትም። ጀነት ለተነገራት ሴት ልብስ ምኗ ነው አላሉም።

እዚህ ላይ ሳልናገር ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። ይህን ሐዲሥ ይዘው ሕመምተኛን መድኃኒትህን ተውና ታገሥ የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። እኚያ ሴት ምርጫውን ያገኙት ወሕይ ከሚወርድላቸው ነቢይ አፍ፣ ጀነት እንደሚገቡ በስማቸው ተነግሯቸው ነው። ዛሬ ለማንም እንዲህ ብሎ ቃል መግባት የሚችል ሼኽ የለም። ያው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለውናል፤ አላህ መድኃኒት ሳያወርድለት ያወረደው በሽታ እንደሌለም አስተምረዋል። የሚጥል በሽታ በጤና ጣቢያ መድኃኒት አለው። በትክክል ታውቆ በየቀኑ ሳይቋረጥ ከተወሰደ ከ100 ታማሚ እስከ 70 የሚሆነው ሳይጥለው መኖር እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። መሃል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ ሆስፒታል አለ፤ መንገዱ ከባድ ነው፣ ገንዘቡም ይከብዳል፣ ግን ለኡድሒያ ተዋጥተን በሬ የምንገዛ ሰዎች አንድ ታማሚ ለመላክ ማዋጣት አያቅተንም። ዓይናቸውን ሽፋሽፍት እየወጋቸው በየቤቱ የተቀመጡ እናቶችም እንዲሁ ናቸው። የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ፣ በክልላችን በጣም የተስፋፋ ነው፤ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋን የሚያስተካክለው ቀዶ ሕክምና ግን አጭር ነው። ካልታከሙት ዓይን ያጠፋል። ሶብር ብሎ ዓይንን ማስጠፋት ከሶብር የሚቆጠር አይመስለኝም።

በሽታው ሰውን መንገድ ላይ ሲጥለው ካያችሁ ደግሞ ክብሪት እየጫሩ ማሽተት፣ እጅና እግሩን ጠፍሮ መያዝ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት ይቅር። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር የለሰለሰ ነገር አድርጉለት፣ ድንጋይና እሳት ካለ አርቁለት። በሽታው አይጋባም፤ አረፋው ቢነካችሁ ምንም አትሆኑም። ከዚያ ጋቢያችሁን አውልቁና ገላውን ሸፍኑለት። ያቺ የመካ ዱዓ ዛሬ በእናንተ ጋቢ ተቀባይነት አግኝታ ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

ወደ ዐጧእ ልመለስ። ያን ቀን ያዩትን አልረሱትም። ኋላም ኡሙ ዙፈር የሚባሉትን ረጅም ጥቁር ሴት በከዕባ መጋረጃ አጠገብ እንዳዩዋቸው ይናገሩ ነበር፤ ቡኻሪ ይህን ዘገባ ከሐዲሡ ቀጥለው ነው ያስቀመጡት። አስቡት። መምህሩ ለጥቁሩ፣ ለአካል ጉዳተኛው ደረሳ የጀነት ሰው ምን እንደምትመስል ሲያሳዩት ጥቁርና ሕመምተኛ ሴት አሳዩት። ኢብኑ ዐባስ ሆን ብለው ይሁን አይሁን አላህ ነው የሚያውቀው። የጥሩ መምህር ሥራ ግን ይመስላል። ኢብኑ ዐባስ ራሳቸውም በኋላ ዓይናቸው ጠፍቶ ነው በ68 ዓመተ ሒጅራ ጧኢፍ ላይ ያለፉት።

መምህራቸው ከማለፋቸው በፊትም የመካ ሰዎች ጥያቄ ይዘው ሲመጡባቸው ዐጧእ እያሉላችሁ እኔ ዘንድ ትሰበሰባላችሁን ይሏቸው ነበር። ኢብኑ ዑመርም ተመሳሳይ ነገር መናገራቸው ተዘግቧል። በኋላ በበኒ ኡመያ ኸሊፋዎች ዘመን ሐጅ በደረሰ ጊዜ ለፋፊ ይወጣና ከዐጧእ በቀር ፈትዋ የሚሰጥ እንዳይኖር ያውጅ ነበር። ከኢራቅ፣ ከሻም፣ ከግብፅ፣ ከየመን የመጣ ሐጃጅ ሁሉ ስለ ጠዋፉና ስለ ዐረፋው ሊጠይቅ የሚመጣው ወደዚህ ወደሚያነክሱ ሰው ነው። እሳቸውም 70 ጊዜ ያህል ሐጅ አድርገዋል። ከመካ ዐረፋ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው፤ እግሩ ለሚያነክስ ሰው ይህ ቁጥር ምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ኸሊፋው ሱለይማን ኢብኑ ዐብዱልመሊክ ከልጆቻቸው ጋር ሊጠይቋቸው መጡ። ዐጧእ ሶላት ላይ ነበሩ፤ ኸሊፋው ቁጭ ብለው ጠበቁ። ሲጨርሱ ስለ ሐጅ ሥርዓት ጠየቋቸው፣ እሳቸውም መለሱላቸው፤ ለንጉሥ ተብሎ የተለየ አቀባበል አላደረጉም። ሱለይማን ሲወጡ ልጆቻቸውን ዒልም ከመፈለግ እንዳይሰንፉ መከሯቸው፤ በዚህ ጥቁር ሰው ፊት ዝቅ ያሉበትን ቀን እንደማይረሱትም ነገሯቸው። ይህ ታሪክ ሲነገር አዳማጩ ደስ የሚለው ንጉሥ ዝቅ በማለቱ ነው። እኔን ደስ የሚለኝ ግን ዐጧእ ማን እንደመጣ ብለው ሶላታቸውን አለማሳጠራቸው ነው።

የሱለይማን አባት ዐብዱልመሊክ ኢብኑ መርዋን ለሐጅ መካ በመጡ ጊዜም ዐጧእ ገብተው ነበር። ኸሊፋው ተነሥተው ተቀበሏቸው፣ ከዙፋናቸውም አስቀመጧቸው፣ ጉዳያቸው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ዐጧእ ስለ ሐረሙ እንክብካቤ፣ ስለ ሙሃጂሮችና አንሷሮች ልጆች፣ በየጠረፉ ስለሚጠብቁ ሰዎች፣ በደጁ ቆመው ስለሚጉላሉ ባለጉዳዮች ተናገሩ። ኸሊፋው ሁሉንም ተቀበሉና ይህ የሌሎች ጉዳይ ነው፣ የራስዎስ ጉዳይ ምንድን ነው አሏቸው። ዐጧእ ከፍጡር የምፈልገው የለም ብለው ተነሥተው ወጡ። በዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉም ይልቅ ለራሱ መጠየቅ የሚገባው ሰው እሳቸው ነበሩ ብንል አንሳሳትም። ልብሳቸው አምስት ዲርሃም እንደማያወጣ ያዩአቸው ሰዎች መስክረዋል።

ከዚህ ሁሉ ግን ለታመመ ሰው የሚቀርበው የዕለት ጠባያቸው ይመስለኛል። አንድ ወጣት መጥቶ ሐዲሥ ሲነግራቸው ሐዲሡን ልጁ ሳይወለድ ጀምሮ ቢያውቁትም መጀመሪያ እንደሚሰሙት ሆነው ያዳምጡ ነበር። የማያውቁትን ሲጠየቁ አላውቅም ይሉ ነበር፤ በራስዎ አስተያየትስ ሲባሉ ሰው በእኔ አስተያየት አላህን እንዲገዛ አላህን አፍራለሁ የሚል መልስ ነበራቸው። ትርፍ ንግግርም ይጠሉ ነበር። ዓይንና እግር ለማይታዘዝለት ሰው እነዚህ የማይከለከሉ ሥራዎች ናቸው። ማዳመጥ ጉልበት አይጠይቅም። ልጅ ያነበበውን ሲያሳስት ማረም አልጋ ላይም ሆኖ ይቻላል። የትምህርቱን ነገር ለሰው የማያማክር ልጅ ታሞ ለተኛ አያቱ ሲያወራ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ጊዜ ያለው ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ለምን እጠቅማለሁ ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ ምናልባት ቤታችሁ ውስጥ የሚያዳምጥ ሰው እናንተ ብቻ ትሆኑ ይሆናል።

የዐጧእ ታሪክ መጨረሻው ላይ ተአምር ሆኖ ዓይናቸው በራ፣ እጃቸው ተዘረጋ አይልም። እንዲያውም ሕመሙ ባሰ። ሙሉ በሙሉ ዓይነ ስውር ሆኑ፣ አረጁ፣ ደከሙ። ኢብኑ ጁረይጅ እንደነገሩን በዚያ ዕድሜ ሶላት ሲቆሙ ከሱረቱል በቀራ 200 ያህል አንቀጽ ይቀሩ ነበር፣ ቆመውም ምንም አይነቃነቁም ነበር። (ይህን አንብባችሁ ወገባችሁ ለማይችለው ነገር እንዳትነሡ፤ ቁጭ ብላችሁ የምትሰግዱት ሙሉ ሶላት ነው። ለእሳቸው አላህ ያቆየላቸው ያንን ነበር፣ ለእናንተ ያቆየላችሁ ሌላ ይሆናል።)

ያለፉት በመካ፣ በብዙዎቹ ዘገባ በ114 ዓመተ ሒጅራ፣ 88 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነው። በእኛ አቆጣጠር 1,300 ዓመት ያህል መሆኑ ነው። የሻሙ ዓሊም አል አውዛዒ ስለ ሞታቸው ሲናገሩ ዐጧእ በሞቱበት ቀን በምድር ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይበልጥ በሰው ዘንድ የተወደዱ እንደነበሩ መስክረዋል። ወዲያው ያከሉት ነገር ግን ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ በመጅሊሳቸው ይቀመጡ የነበሩት ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች ብቻ ነበሩ ይላሉ። ለፋፊ የሚያውጅላቸው ሙፍቲ በየዕለቱ ዙሪያቸውን የሚያገኙት በአንዲት የመንዝ ቤት ምድጃ ዙሪያ የሚቀመጠውን ያህል ሰው ነበር።

ያ ረብ፣ በየቤቱ የተኙትን ዓፊያ አድርግልን። ለማይድነውም ከአንተ ጋር የሚያቆየውን አታሳጣው። ሲወድቁ የሚሸፍናቸው ሰው ከጎናቸው አድርግ። አሚን።